ሪሴቱን ተዪው፣ መጀመሪያ የስቶሬጁን አይፒ እንፈልግ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት ድርጅት ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ቀይሯል። የአይቲ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያዝ ክፍል) ያለው ዴል ፓወርቮልት ኤምኢ4 ስቶሬጅ (ሰርቨሮቹ ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት የዲስክ ሳጥን) አለን። ሰርቨሮቹ በፋይበር ቻናል (ለዳታ ብቻ በሆነ ሌላ መስመር) ስለተገናኙ ዳታው እየሠራ ነው። ስቶሬጁን በማስተዳድርበት በማኔጅመንት ፖርቱ ግን መግባት አቃተኝ። የድሮው አይፒ በዲኤችሲፒ (አይፒ በራሱ የሚያድል አገልግሎት) ይመጣ ነበር መሰለኝ፣ የጻፈው ሰው የለም። 10.0.0.2ን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ በኔትወርኩ ስጠይቀው) መልስ ይመጣል፣ በብራውዘር ስከፍተው ግን የፕሪንተር ገጽ ነው የሚወጣው። ስዊቹ ላይ ፖርት ስላነሰኝ የኮንትሮለር ኤን ኬብል ብቻ ሰክቻለሁ። ሪሴት ላድርገው? ከዚያስ ምን አይፒ ልስጠው? ከወዲሁ አመሰግንዎታለሁ።»

እህቴ፣ ሪሴቱን እርሺው። ሰርቨሮቹ ዳታቸውን እያገኙ ከሆነ የሚያጣድፍ ነገር የለም። የጠፋብሽ መግቢያው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በሌላ በኩል እንከፍተዋለን። ስቶሬጅ ላይ «ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልስ» የሚል ነገር ሲያጋጥምሽ ምን ምን እንደሚያጠፋ ሳታውቂ አትንኪው። አንዳንዱ የኔትወርኩን ቅንብር ብቻ ይመልሳል። አንዳንዱ ቮልዩሙንም (ዳታው ያለበትን ክፍል) ይዞ ይሄዳል። ለአንድ አይፒ ተብሎ በድርጅት ዳታ አይቆመርም።

በኤምኢ4 ኮንትሮለር ውስጥ ለየብቻ የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉ። ስቶሬጅ ኮንትሮለር የሚባለው ዲስኩንና ዳታውን ያንቀሳቅሳል። ማኔጅመንት ኮንትሮለር የሚባለው ደግሞ ዌብ ገጹን፣ የትዕዛዝ መስመሩንና የኢሜይል ማስጠንቀቂያውን ይይዛል። አሁን አይፒ የምንሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። እሱን ብቻ ለይተሽ ሪስታርት ብታደርጊው እንኳ ዳታው አይቆምም። ስለዚህ ይህን ሥራ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ መሥራት ትችያለሽ። ሲኖሎጂ ወይም ኪውናፕ የተባሉትን የፋይል ማስቀመጫዎች የያዛችሁ ሌሎች አንባቢዎች ግን ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት። እነሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉም ማኔጅመንቱም በአንድ አይፒ ነው የሚወጣው። አድራሻው ሲቀየር ፋይል የከፈተ ሰው ሁሉ ይቋረጣል።

አሁን ወደ ፕሪንተሩ እንምጣ፤ ነገሩን የሚፈታው እሱ ነው። ኤምኢ4 ከፋብሪካ ሲወጣ አይፒ ከዲኤችሲፒ ይጠይቃል። የሚመልስለት ካጣ ኮንትሮለር ኤ 10.0.0.2ን፣ ኮንትሮለር ቢ 10.0.0.3ን ይይዛል። ማስኩ (የትኞቹ አድራሻዎች ጎረቤት እንደሆኑ የሚለየው) 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው) 10.0.0.1 ይሆናል። አንቺም ይህን ማኑዋሉ ላይ አይተሽ ነው 10.0.0.2ን የሞከርሽው። ያው አድራሻ ግን በአዲሱ ቢሮ ኔትወርክ ላይ የፕሪንተሩ ነው። ምናልባት አሁን ሁለቱ አንድ አይፒ ይዘው እየተሻሙ ነው። ሰሞኑን «ፕሪንተሩ አንዴ ያትማል፣ አንዴ እምቢ ይላል» እያለ የሚመጣብሽ ሰው ካለ ሰበቡን አገኘሽለት ማለት ነው።

ፒንግ መለሰ ማለት ስቶሬጁ መለሰ ማለት አይደለም። የመለሰው ማን እንደሆነ የምታውቂው በማክ አድራሻው (ፋብሪካው ለኔትወርክ ፖርቱ በሰጠው መለያ) ነው። ፒንግ ካደረግሽ በኋላ የላፕቶፕሽን የአርፕ ሠንጠረዥ (የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ የሚያሳየውን) ክፈቺና ከ10.0.0.2 ጎን ያለውን ማክ እዪ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደልና ቁጥሮች አምራቹን ይናገራሉ። ሙሉውን ደግሞ ስቶሬጁ ራሱ ከሚያሳየው ማክ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። ለጊዜው የኮንትሮለር ኤን የማኔጅመንት ኬብል ከስዊቹ ላይ ንቀዪው። ፕሪንተሩም ያርፋል፣ አንቺም በሰላም ትሠሪያለሽ።

ስትነቅይ ግን የኬብሉን ጫፍ ሳይሆን የስቶሬጁን ጀርባ አይተሽ ይሁን። የእናንተ በፋይበር ቻናል ስለሆነ የማኔጅመንቱ አርጄ 45 ፖርት ብቻውን ጎላ ብሎ ይታያል። ይኸው ሞዴል በመዳብ ኬብል የሚሠራ የአይስካዚ (ዳታውን በተራ ኔትወርክ የሚያሳልፍ) ፖርት ይዞ ሲመጣ ግን ዳታውም ማኔጅመንቱም አንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው፣ አንድ ዓይነት ኬብል ይገባበታል። በሁለቱ መካከል መሳሳት የሚመጣው እዚያ ነው። በፖርቱ አጠገብ የታተመችውን ምልክት በስልክሽ መብራት አንብቢ። ኮንትሮለሮቹ ላይም ኤ እና ቢ ተብሎ ተጽፏል።

ሌላ ስቶሬጅ ያላችሁም እንዳትጉላሉ የጥቂቶቹን መነሻ አድራሻ ልጥቀስ። የኤችፒኢ ኤምኤስኤ 2040 እና 2050 እንደዚሁ 10.0.0.2 እና 10.0.0.3 ናቸው። የዴል ኤምዲ3 ተከታታይ ሞዴሎችና የሁዋዌ ኦሽንስቶር 192.168.128.101 እና 192.168.128.102 ይዘው ይመጣሉ። የኔትአፕ ኢ ሲሪየስ ዲኤችሲፒ ካጣ 169.254.128.101 እና 169.254.128.102 ይይዛል፣ ማስኩም 255.255.0.0 ነው። በ169.254 የሚጀምር አይፒ ስታዩ በጠቅላላው «አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁ» ማለት እንደሆነ እወቁ፤ ራውተር አያሻግረውም።

ወደ ራስሽ ጉዳይ ልመለስ። ሁለት መንገድ አለሽ። የመጀመሪያው ላፕቶፕሽን በቀጥታ በማኔጅመንት ፖርቱ ላይ መሰካት ነው። ተራ ፓች ኬብል ይበቃል፣ የተለየ ክሮስ ኬብል አያስፈልግም። ዋይፋዩን አጥፊ፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ በየት በኩል እንደሚሄድ አታውቂም፣ ተመልሰሽ ፕሪንተሩ ጋ ትገቢያለሽ። የላፕቶፑን አይፒ 10.0.0.50፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጊ፣ ጌትዌዩን ባዶ ተዪው። ፖርቱ የሚጠይቀውን ዲኤችሲፒ እስኪያጣ ትንሽ ታገሺውና 10.0.0.2ን ሞክሪ። ይህ የሚሠራው ግን ስቶሬጁ ዲኤችሲፒ ላይ ከነበረ ብቻ ነው። «መሰለኝ» ነው ያልሽው። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው በእጁ የካዛንቺሱን አይፒ አስገብቶበት ከሆነ ግን ላፕቶፑ እየጠራ ይውላል እንጂ የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ እመርጥልሻለሁ፤ ሲሪያሉን። በኮንትሮለሩ ጀርባ ሚኒ ዩኤስቢ የሆነ የትዕዛዝ መስመር ፖርት አለ። ኬብሉ የድሮ ዲጂታል ካሜራዎች ይጠቀሙበት የነበረው ዓይነት ነው። የስልክ ቻርጀር ኬብል ማይክሮ ዩኤስቢ ወይም ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ አይገባም፣ በጉልበት አትሞክሪው። ከስቶሬጁ ካርቶን ውስጥ ካልተገኘ መርካቶ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ፈልጊ። ዳታ የሚያስተላልፍ እንጂ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ እንዳይሆን ብቻ እዚያው አስሞክሪ። ዊንዶውስ 10 ላይ ስትሰኪው አዲስ የኮም ፖርት ይወጣል። ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም ክፈቺ፣ ሲሪያል ምረጪ፣ ፍጥነቱን 115200፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም አድርጊ። ከዚያ ኢንተር ተጫኚ። የተንጋደደ ፊደል ከመጣ ፍጥነቱ ተሳስቷል። ምንም ካልመጣ የኮም ቁጥሩን ፈትሺ።

ከገባሽ በኋላ የኔትወርክ ፓራሜተሮችን የሚያሳየውን ትዕዛዝ ስጪው። አሁን ያለው አይፒ፣ ማስክ፣ ጌትዌይ፣ ዲኤችሲፒ ይሁን በእጅ የገባ፣ ማክ አድራሻውም ሳይቀር ለሁለቱም ኮንትሮለር ተዘርዝሮ ይወጣል። ቅድም ማመሳከሪያ ያልኩሽ ማክ ይኸው ነው። ፎቶ አንሺው።

ፓስወርዱ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱን በግምት ከመሞከር የሲሪያል ቁጥሩን ይዘሽ ለአምራቹ ድጋፍ ክፍል መደወል ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ዳግመኛ ዲኤችሲፒ ላይ አትተዪው። አከራዩም ሆነ የኔትወርክ ሰው «ራውተሩ ላይ ሪዘርቭ እናደርግልሻለን» (ዲኤችሲፒው ሁልጊዜ ያንኑ አይፒ እንዲሰጠው ማለት ነው) ይልሽ ይሆናል። እሺ አትበዪ። ምክንያቱን ከራሳችን ከተማ ልንገርሽ። ሌሊት መብራት ጠፋ እንበል፤ ዩፒኤሱም አለቀ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሁሉም ዕቃ እኩል ይነሳል። ዲኤችሲፒ የሚሰጠው ማነው? ብዙ ቢሮ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር ነው። ያ ቨርቹዋል ማሽን የተቀመጠው የት ነው? ስቶሬጁ ላይ። ስቶሬጁ አይፒ ለማግኘት ሰርቨሩን ይጠብቃል፣ ሰርቨሩ ለመነሳት ስቶሬጁን ይጠብቃል። ዳታው ራሱ በደህና ከተነሳ ይህ አያስጨንቅም። ያን ቀን ግን አንድ ቮልዩም አልነሳ ካለ ገብተሽ የምታዪበት በር የለሽም። ማኔጅመንት አይፒ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። መግቢያውን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (ከቢሮው የጋራ አካውንት ማውጫ) ጋር አገናኝተሽው ከሆነ ቢያንስ አንድ የስቶሬጁ የራሱ አካውንት ይኑርሽ። አይፒውን፣ የአካውንቱን ስምና የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ወረቀት ራኩ በር ላይ ለጥፊ። ፓስወርዱን ግን ለብቻው፣ በታሸገ ፖስታ፣ ካዝና ውስጥ። እዚያው ስቶሬጅ ላይ ባለ ኤክሴል ፋይል ውስጥ የተጻፈ ፓስወርድ በዚያ ቀን አይገኝም።

ምን አይፒ ልስጠው ላልሽው፣ ከቢሮው ኔትወርክ የተለየ አንድ ትንሽ ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ) ክፈቺለት። የግል አድራሻ የሚባሉት በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት እና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሦስት ቦታዎችን ሽሺ። 192.168.1 ን ተዪው፤ ብዙ የቤት ራውተር ይዞት ስለሚመጣ ከቤትሽ በቪፒኤን ስትገቢ ሁለቱ ይጋጩብሻል። 10.0.0 ን ተዪው፤ ነገ ሁለተኛ ስቶሬጅ ብትገዙ ይዞት የሚመጣው እሱን ነው። 172.17 ንም ተዪው፤ ዶከር የሚባለው ሶፍትዌር ያለበት ሰርቨር ያንን ለራሱ ስለሚይዘው ከዚያ ሰርቨር ወደ ስቶሬጁ መድረስ ያቅትሻል።

እኔ ብሆን ለምሳሌ 10.37.40.0ን በ255.255.255.224 ማስክ እወስዳለሁ። ከ1 እስከ 30 ያሉ 30 አድራሻዎች ይሰጥሻል፤ ለአንድ ራክ ከበቂ በላይ ነው። 10.37.40.1 ጌትዌይ ይሁን፣ 2 ስዊቹ፣ 11 ኮንትሮለር ኤ፣ 12 ኮንትሮለር ቢ፣ ከ21 ጀምሮ የሰርቨሮቹ አይድራክ (የእነሱ ማኔጅመንት ፖርት)፣ 28 የዩፒኤሱ ካርድ። 30ን ባዶ አድርገሽ ለላፕቶፕሽ ያዢው፤ ችግር ሲመጣ የትኛው ነፃ ነው ብለሽ አትፈልጊም። ማስኩን በልማድ 255.255.255.0 እንዳታስገቢ ተጠንቀቂ። ዛሬ ምንም አይታወቅሽም። ከወራት በኋላ ከ10.37.40.32 ጀምሮ ሌላ ቪላን ስትከፍቺ ግን ስቶሬጁ እነሱንም ጎረቤቶቼ ናቸው ብሎ በጌትዌዩ ሳይልክ ዝም ይላል፣ አንቺ ደግሞ ፋየርዎሉን ስትወቅሺ ትከርሚያለሽ።

ቪላኑ ቀድሞ የተከፈተ ከሆነ አድራሻው ነፃ መሆኑን በፒንግ ብቻ አትመኚ። ብዙ መሣሪያ ፒንግ አይመልስም። ፒንግ አድርጊና መልስ ባይመጣም የአርፕ ሠንጠረዡን እዪ። ማክ ከተመዘገበ አድራሻው ባለቤት አለው። ይህ የሚሠራው ላፕቶፕሽ እዚያው ቪላን ውስጥ ሲሆን ነው። ስዊቹ ላይ ያለውን ፖርት ደግሞ አክሰስ (ለአንድ ቪላን ብቻ የሚሠራ) አድርጊው፤ የማኔጅመንት ፖርቱ ታግ (የቪላን ቁጥር) ያለው ትራፊክ አይጠብቅም።

በሲሪያል የምታስገቢ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አያስጨንቅም። በዌብ ገጹ ከገባሽ ግን ቀድመሽ የሌላኛውን ኮንትሮለር ቀይሪ። በኤ ገብተሽ ከሆነ መጀመሪያ የቢን፣ መጨረሻ ላይ የኤን። የራስሽን መቆሚያ ቀድመሽ ከቀየርሽ ገጹ እዚያው ይደርቃል። ሲደርቅም አትደንግጪ፤ አልተበላሸም፣ አድራሻው ስለተቀየረ ነው። የላፕቶፕሽን አይፒ ወደ 10.37.40.30 ቀይረሽ በአዲሱ ግቢ። ብራውዘሩ ስለ ሰርተፍኬቱ ያስጠነቅቅሻል፣ ስቶሬጁ የራሱን ሰርተፍኬት ስለሚሠራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጌትዌዩ ነው። አይፒውና ማስኩ ተቀይሮ ጌትዌዩ 10.0.0.1 እንደሆነ ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሰርቨር ሩም ውስጥ ሆነሽ ይከፈታል፣ ጠረጴዛሽ ጋ ስትመለሺ አይከፈትም። ጥያቄሽ ስቶሬጁ ይደርሳል፤ መልሱ ግን መመለሻ መንገድ ያጣል። ይህ ሲያጋጥምሽ ፋየርዎል ከመነካካትሽ በፊት የጌትዌዩን መስመር አንብቢ። ለሁለቱም ኮንትሮለር ለየብቻ ነው የሚገባው።

ኮንትሮለር ቢን ያለ ኬብል መተውሽን ግን አልወደድኩትም። ኤምኢ4 ላይ የኤ አይፒ የኤ ብቻ ነው። ኤ ሲሞት አድራሻው አብሮት ይሞታል፣ ወደ ቢ አይሻገርም። ኔትአፕ ፋስ በሚባለው ስቶሬጅ ላይ የጋራው ማኔጅመንት አይፒ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮንትሮለር ይዛወራል፤ እናንተ ዘንድ ግን ይህ የለም። ስለዚህ ኤ የተቃጠለ ዕለት ዳታው በቢ በኩል ይቀጥላል፣ አንቺ ግን ምን እንደተቃጠለ ማየት አትችዪም። ፖርት ካነሰ ሌላ ነገር ንቀዪ እንጂ ይህን አትተዪ። ከተቻለ አንድ ባለ ስምንት ፖርት ስዊች ለማኔጅመንት ብቻ አስገዢ። ቪላን የሚችል፣ በዩፒኤስ የሚሠራ ይሁን። አለቃሽ ለምን ካለ ከላይ ያለውን አንብቢለት።

ስለ ደኅንነት ብዙ አላወራም። ይህ አይፒ በምንም መልኩ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፋቸው የኪውናፕ ስቶሬጆች ለኢንተርኔት ተጋልጠው የነበሩ ናቸው። «ለድጋፍ እንዲመች ፖርት ክፈቱልን» የሚል ቴክኒሻን ቢመጣ ቪፒኤን ስጪው። ቴልኔትንና ተራውን ኤችቲቲፒ ዝጊ፣ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ቀይሪ፤ ማኑዋል ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

እግረ መንገድሽን ሰዓቱንም አስተካክይ። ሰዓት ሰርቨር ስጪውና ልዩነቱን ሲደመር 3 አድርጊ፤ እኛ ዘንድ የበጋና የክረምት ሰዓት ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ነው። የውጭ አገር ድጋፍ ክፍል «21:10 ላይ ምን ሆነ?» ቢልሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ማለቱ ነው። ስቶሬጁ ዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ተትቶ ከሆነ ግን ያው ክስተት 18:10 ተብሎ ይመዘገባል፣ ሁለታችሁም ስለ ሌላ ሰዓት ስታወሩ ታመሻላችሁ። የጥገና ቀጠሮ ስትይዢም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊላቸው። በእኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያልሽውን እነሱ 8:00 ብለው ከያዙት ሥራው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ቢሮ ሲገባ ይጀመርብሻል።

ሲያልቅ አንዴ ፈትኚው። የኤን የማኔጅመንት ኬብል ንቀዪና 10.37.40.12ን ከጠረጴዛሽ ክፈቺ። ከተከፈተ የኤን መልሰሽ ሰኪ፣ የቢን ንቀዪ፣ 10.37.40.11ን ክፈቺ። ከዚያ የሙከራ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ላኪበት። ኢሜይሉ ካልደረሰ ዲኤንኤሱን እዪ፤ የኢሜይል ሰርቨሩን ስም ወደ አይፒ የሚቀይርለት ላይኖር ይችላል። የባክአፕ ሶፍትዌሩ፣ የቪኤምዌሩ ፕለጊን፣ የመሣሪያዎቹን ሁኔታ በኤስኤንኤምፒ የሚያነበው መከታተያ፣ ሁሉም የካዛንቺሱን አድራሻ እንደያዙ ስለሚሆን አዲሶቹን ሁለቱንም ስጪያቸው።